የደምሴ ክፍለ ጊዜ በኮሎሎ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካምፓላ፣ ኦዊኖ ገበያ ውስጥ ቦንዳ ስናስፈታ ከአሮጌ ሸሚዞች መሀል አንድ ነጭ ጋዋን ወደቀ። ሰልባጅ ስነግድ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ከቦንዳ የሚወጣ ነገር አይገርመኝም፤ የሙሽራ ቬሎም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ካፖርትም፣ አንድ እግሩ የጠፋ የበረዶ ጫማም አይቻለሁ። ጋዋን ግን ወጥቶልኝ አያውቅም ነበር። አንስቼ አራገፍኩት። የደረት ኪሱ ጠርዝ ተተርትሯል፣ ክርኑ ሳስቷል፣ ነጩ ታጥቦ ታጥቦ ወደ ሰማያዊ ወስዶታል። አብራኝ የምትሠራው ናካቶ "የዶክተር ነው፣ ቶሎ ይሸጣል" አለችኝ። "የአስተማሪ ነው" ስላት ሳቀችብኝ። እዚህ አገር አስተማሪ ሸሚዝና ክራባት አድርጎ ነው ክፍል የሚገባው፤ ጋዋን የለበሰ ሰው ወይ ያክማል ወይ ሥጋ ይቆርጣል። ልከራከራት አልፈለግኩም። ሰቀለችው፤ ከሰዓት በኋላ አንድ የፋርማሲ ሠራተኛ ወሰደው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያናግረኝ በደንብ አልሰማም ነበር።

እኛ እንለብስ ነበር። ደሴ እንግሊዝኛ ሳስተምር ሁለት ጋዋን ነበረኝ፤ አንዱን ስለብስ አንዱ ይታጠባል። ጠመኔ ልብስ እንዳያበላሽ ነው ይባላል። ውሸት ነው። ጋዋን የሚለበሰው ከሥሩ ያለውን ለመሸፈን ነው። ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሱሪ ያደረገ ወንድ፣ ያንኑ አንድ ጉርድ ዓመት ከዓመት የምትለብስ ሴት፣ ጋዋን ሲደርቡበት ሰው ይመስላሉ። ደግሞ ያን ጊዜ ያምርብን ነበር፤ መቼም አልክድም። ወንዶቹ ፀጉራቸውን ከፍ አድርገው አበጥረው፣ ሴቶቹ በጋዋን ላይ ሻሻችንን አስረን፣ በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ሻይ በስሙኒ፣ ሳምቡሳ በስሙኒ እናዝ ነበር። ከሻይ ቤቱ ጎን ያለው ሙዚቃ ቤት ቀኑን ሙሉ ትዝታ ያስጮሃል፤ የካሴቱ ክር ስላረጀ ዘፋኙ መሀል ላይ እየሰጠመ ይወጣል። በመምህራን ቀን አዳራሽ ሰብስበውን ስለ ሻማ ግጥም ያነቡልናል። እንደምንቀልጥ ያወቁትን ያህል የሻማውን ዋጋ ያወቀው ሰው አልነበረም። ከዚያ የጤፍ ዋጋ ጨመረ፣ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ቅጥር ቆመ፣ ዝውውር ቆመ፣ የእኛ ደሞዝ ብቻ ባለበት ቀረ። የሂሳብ አስተማሪያችን ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኖ ተማሪዎቹን ሒሳብ እየተቀበለ ሲጭን በዓይኔ አየሁ። ያኔ በየስታፍ ክፍሉ አንድ ወሬ ብቻ ሆነ፤ ውጭ አገር አስተማሪ ይፈልጋሉ። ቦትስዋና ይሉ ነበር፣ ሲሸልስ ይሉ ነበር። እኔም የዲግሪዬን ወረቀት በላስቲክ አስለብጬ፣ በሞያሌ ወጥቼ፣ በናይሮቢ አድርጌ፣ የኪሴ አቅም እዚህ ላይ አለቀና ካምፓላ ቀረሁ።

እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ካምፓላ መምጣቴን ሳስበው ዛሬም በራሴ እስቃለሁ። ከአውቶቡስ ስወርድ ሻንጣዬን የተሻማው የቦዳ ነጂ፣ ያው ሰው በሞተር ብስክሌት የሚያመላልሰው፣ ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ ይናገራል። ጥግ ላይ ቆማ ቻፓቲ በእንቁላል ጠቅልላ የምትሸጠው ልጅ፣ ሮሌክስ ነው የሚሉት፣ ቲማቲሙን እየከተፈች ስለ ፓርላማ በእንግሊዝኛ ትከራከራለች። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ሰዋስው ላስተምር ነው የመጣሁት! ያኔ ከተማው ዛሬ እንዲህ አልተጨናነቀም፤ ከታች ከታክሲ መናኸሪያው እስከ ኮሎሎ በእግር ይወጣል፤ የጃካራንዳ አበባ መንገዱ ላይ ይረግፋል፤ በየታክሲው የሉጋንዳ ዘፈን ከፍ ብሎ ይለቀቃል፤ ሮሌክስ በዝርዝር ሳንቲም ይበላል። ሁሉም ያምር ነበር፤ ግን የሚያምር ነገር አያበላም። የእኔ ነገር በመጀመሪያው ወር ነው የተቆረጠው። የጠየቅኩት ትምህርት ቤት ሁሉ ፈገግ ብሎ "ለእንግሊዝኛ ሰው አለን" ይለኛል። ተስፋ የነበረው ደምሴ ነው።

ደምሴ የደብረ ብርሃን የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ፣ ሐይቁ ከሩቅ በሚታይበት ግቢ ውስጥ፣ ተደርድረው ከተሠሩት ክፍሎች አንዷን እኔ አንዷን እሱ ተከራይተናል። አከራያችን ሐጂ ኑሩ የጅማ ሰው ናቸው፤ መሀል ከተማ እህል ቤት አላቸው፤ ለየትምህርት ቤቱ ፖሾና ባቄላ ያቀርባሉ። የበቆሎ ዱቄቱን ገንፎ ነው ፖሾ የሚሉት፤ እዚህ አገር ያለ ፖሾ ትምህርት የለም። ደምሴ ሚስቱንና ትንሽ ሴት ልጁን ትቶ ነው የመጣው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ያለው ሰው ይመስል ተላጭቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ጋዋኑን በክንዱ ላይ አጥፎ ይወጣል። ሐጂ አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ቆመው "መምህር፣ አብሽር፣ ሥራ ማለት ክፍል ብቻ አይደለም። እህል ቤቱ ሰው ይፈልጋል" አሉት። "እግዜር ይስጥልኝ ሐጂ፣ እርስዎ ባይኖሩ ጎዳና ነበርኩ" አላቸው። "ግን ክፍል ካልገባሁ ምን እንደሆንኩ እኔም አላውቀውም። ልጄ አባትሽ ምንድን ነው ሲሏት አስተማሪ ነው ነው የምትለው።" ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ፣ ኮሎሎ ላይ እህል የሚያቀርቡለት አንድ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተማሪ እንደሚፈልግ ነገሩን። ለፊዚክስ እሱን፣ እግረ መንገዴን ለእንግሊዝኛ እኔን አስጠሩን። እዚህ አገር ወረቀት አይቶ መቅጠር የለም፤ ተማሪ ፊት አቁመው አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምር ይሉሃል፤ ከኋላ ቁጭ ብለው ያዩሃል።

ያን ጠዋት ዳይሬክተሯ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ረጅም ሴት፣ ሹል ተረከዝ ጫማ አድርጋ ተቀበለችን። ተራዬ እስኪደርስ ብላ እኔን ከጎኗ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ደምሴ ጋዋኑን ለብሶ ገባ። ልጆቹ ብድግ ብለው በአንድ ድምፅ እንኳን ደህና መጡ አሉት፤ እሱም ደስ አለውና እንዲቀመጡ በእጁ አሳየ። ሰሌዳውን በቀጥታ መስመር ከፋፈለ። አርዕስቱን ጻፈ፤ ግፊት። ከዚያ ኖት መጻፍ ጀመረ። እንደዚያ ያለ የእጅ ጽሕፈት እነዚያ ልጆች አይተው አያውቁም፤ ፊደሉ ሁሉ እኩል፣ ከሥሩ የተሰመረው ቀይ፣ ሥዕሉ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ። እኛ አገር አስተማሪ እንዲህ ነው የሚሠራው። መጽሐፍ አይዳረስም፤ ስለዚህ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ መጽሐፍ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ልጅ ፊት መጽሐፉ ተዘርግቷል። ዳይሬክተሯ ሰዓቷን አየች። እኔ በውስጤ ዙር እንጂ ደምሴ፣ ዙር እላለሁ።

ዞረ። ጠመኔውን አስቀመጠ፣ እጁን ጋዋኑ ላይ ጠረገ፣ "እንግዲህ ልጆች" አለ።

አንድ የአማርኛ ቃል አመለጠችው ብዬ ነበር። አላመለጠችውም፤ እሱ ነው ያመለጠው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ኖቱ በእንግሊዝኛ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው ግን በአማርኛ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው ያስተማረው፤ እኔ ራሴ የእንግሊዝኛ ሰዋስው በአማርኛ ነው ያስተማርኩት። እጁ እንግሊዝኛውን ሰሌዳው ላይ ጨርሶ ሲዞር፣ አፉ እንደለመደው ወደ አማርኛ ሄደ። አሳልኩ። ጉንፋን የያዘኝ መስሎት በዓይኑ አዘነልኝና ቀጠለ። "ዝሆን እግራችሁን ቢረግጣችሁና እንደ እሷ ያለ ጫማ ያደረገች ሴትዮ ብትረግጣችሁ የቱ ይብሳል?" ብሎ ወደ ዳይሬክተሯ ተረከዝ ጠቆመ፤ ከዚያ አንዴ እንደ ዝሆን፣ አንዴ በጣቱ ጫፍ እንደ ሴትዮዋ ክፍሉን ዞረ። ልጆቹ ፈነዱ። እሱም ሳቁን ሲሰማ ላቡ በፊቱ እየወረደ ይበልጥ ተጋ። እኔ ፊዚክስ በግድ ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ ግፊት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ትምህርቱ የገባው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ተነሥተው አመሰገኑት፤ እየሳቀ ወጣ። ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዘንበል አለችና "ጓደኛሽ አስተማሪ ነው፤ ያስታውቃል" አለችኝ። "ግን አንዲት ቃል አልገባችንም።" ስትናገር ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ያ ነው የባሰብኝ። እኔን ክፍል ማስገባት እንኳ አላስፈለጋትም፤ ለእንግሊዝኛ ሰው ነበራት።

ከትምህርት ቤቱ ወጥተን በዚያ በጥላው መንገድ፣ ኤምባሲዎቹን እያለፍን፣ ቁልቁል ስንወርድ ደምሴ ዝም ማለት አልቻለም። "አየሻቸው? የልጅ አእምሮ የትም አንድ ነው! አገር አይለየውም!" ይለኛል። እኔ ማን ይንገረው ብዬ ስፈራ ቆየሁ፤ ከእኔ በቀር ማን ነበር? "ደምሴ" አልኩት፣ "በአማርኛ እኮ ነው ያስረዳሃቸው።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም።"

"አትቀልጂ እባክሽ።"

"ወላሂ።"

ቆመ። "ከየት ጀምሮ?" አለኝ።

"ከዞርክበት ጀምሮ።"

"ልጆቹ እኮ ስቀዋል ዘሀራ።"

"ዝሆን ስትሆን ነው የሳቁት።"

ጋዋኑን እዚያው መንገድ ላይ አወለቀ። ቀስ ብሎ አጠፈው፤ ግን እንደ ድሮው በክንዱ ላይ አላደረገውም፤ ብብቱ ሥር ወሸቀው። ታክሲ ይዘን ወደ ሙቱንጎ ተመለስን። ያ የሉጋንዳ ዘፈን እንኳ እንደዚያ ቀን ጮኾብኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ እኔ ወደ ኦዊኖ፣ እሱ ወደ ሐጂ እህል ቤት ገባን። ሚዛን ላይ ቆመ፤ ባቄላ መዘነ፤ ነጭ የነበረው ጋዋን የዱቄት ልብስ ሆነ። የሚደንቀው፣ ደንበኞቹ በጋዋኑ ምክንያት ሚዛኑን ያምኑት ነበር። ሐጂ ዓርብ ዓርብ የወሎ መንዙማ ካሴት ይከፍታሉ፤ ለእኔ ሲሉ ነው፤ ደምሴም ዓረብኛው ባይገባውም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሰማል። እሁድ እሁድ ግን በረንዳዬ ላይ ይቀመጥና እንግሊዝኛ አስተምሪኝ ይለኛል። እንግሊዝኛ ያውቃል እኮ፤ የእሱ ችግር አለማወቅ አልነበረም። ማሰብ ሲጀምር አማርኛ ይሆናል፤ በቃ። ስለዚህ ማሰቡን እንዲተው አደረግነው። እያንዳንዱን ትምህርት ከሰላምታው እስከ ደህና ሁኑ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ እኔ አረምኩለት፤ እሱ ልጅ ሆኖ ዳዊት እንደተማረበት እየተወዛወዘ በቃሉ ያዘው። አማርኛ ሾልኮ ሲወጣ በማንኪያ ጠረጴዛውን እመታለሁ። መጀመሪያ እንስቅ ነበር፤ በኋላ መሳቁ ቀረ። ቀልድ የምትመስል ነገር ልትወጣው ስትል ራሱ ፊቱን አጨፍግጎ ይመልሳታል፤ ቀልዱ ያለው አማርኛው ውስጥ እንደሆነ ደርሶበታል።

አሁንም አስተማሪዎች ከአገር ቤት ይመጣሉ። ያን ጊዜ ያለፈ የሚመስላቸው ይሳሳታሉ። ዛሬ የሚመጡት ልጆች ጋዋን አያውቁም፤ ጠባብ ሱሪ፣ ሹል ጫማ፣ ስልካቸው ላይ የተደረደረ የምስክር ወረቀት ነው። አገር ቤት ተመርቀው ዓመት ቁጭ ብለዋል፤ ሥራ ያገኘውም ደሞዙ ለግማሽ ወር አልበቃው ብሎ ነው የወጣው። አንዱ ሩዋንዳ ይላል፣ አንዱ ዱባይ። የአገራችሁ ልጅ አለች ተብለው ሱቄ ድረስ ይመጡና "ቲቸር፣ ምን ትመክሪናለሽ?" ይሉኛል። ምን እመክራለሁ? ሸሚዝ በቅናሽ እሰጣቸዋለሁ። ስንት አስተማሪ ያሳደገ አገር አስተማሪውን ሰልባጅ አድርጎ ይሰዳል፤ እኛም እዚህ ቦንዳ እንፈታለን። ይህን ስል ናካቶ "ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?" ትለኛለች፤ የነካኝስ የቆየ ነው።

ደምሴ በመጨረሻ ተቀጠረ። ከሙቱንጎ ቁልቁል፣ በሉዚራ በኩል ያለች አንዲት ዝቅ ያለች የግል ትምህርት ቤት ነች፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግቢዋ ቀይ አፈር። ከእኔ የወሰደውን ግራጫ ኮት ለብሶ ገባ፤ ከሰላምታው እስከ ደህና ሁኑ አንድ ቃል ሳያዛንፍ ተወጣው፤ በዚያው ሳምንት ክፍል ሰጡት። ሐጂ ፒላው ሩዝ አሠርተው ለስላሳ አስከፍተው ደገሱለት። ከእሳቸው ስልክ ለሚስቱ ደውሎ "ገባሁ፣ ክፍል ገባሁ" ሲላት ሁላችንም አለቀስን። ያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ ደስታ ነው ብዬ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያ ትምህርት ቤት ሹራብ ፈልጎ ናሙና ይዤ ሄድኩ። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነበር። ዳይሬክተሩ እስኪመጣ በመስኮቱ ሥር ባለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከውስጥ የደምሴ ድምፅ ይሰማል። ሙቀት ብረትን እንደሚያሰፋ፣ ቅዝቃዜ እንደሚያሳጥር ያስተምራል። እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ፤ በረንዳዬ ላይ ነው ያረምኳት። ከፍ ዝቅ የማይል፣ የማይቸኩል፣ የማይስቅ ድምፅ ነው፤ ራዲዮ ላይ የሞተ ሰው ስም የሚያነብ ይመስላል። ልጆቹ ዝም ብለዋል። ከዚያ አንዲት ልጅ "ሰር፣ ማታ ማታ የቤታችን ጣሪያ ማንም ሳይነካው ለምንድን ነው ጠሽ ጠሽ የሚለው?" ብላ ጠየቀችው። ድሮ ቢሆን ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ልጅቷን ትከሻው ላይ ይሸከማት ነበር። እሱ ግን በዚያው ድምፅ "መልሱ ኖታችሁ ላይ አለ። እንቀጥል" አለ።

ደወሉ ተደውሎ ሲወጣ አገኘኝ። አርጅቷል፤ ኮቱ የእኔው ግራጫ ኮት ነው። ደስ ብሎት አቀፈኝ፤ እስከ በሩ አብረን ወጣን። "ሰማሽኝ እንዴ? እንግሊዝኛዬ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ስህተት የለውም" አልኩት። እውነቴን ነበር።

"ልጅቷን ግን ለምን አልመለስክላትም?" አልኩት።

"እንዴት ብዬ?" አለ። "ቃሉማ ይመጣልኛል ዘሀራ። ቃሉ ሲመጣ ነገሩ ይሄድብኛል።" ጥቂት ሄድንና ቆመ፤ ፊቱ ተፈታ። "ጥያቄዋ ግን ግሩም ጥያቄ ነው! ስሚኝማ። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል አይደል? እንዲህ፣ እንደጠገበ ሰው። ማታ ሲበርደው ደግሞ መሰብሰብ ያምረዋል። ምስማሩ ግን ቀስፎ ይዞታል፤ የት ልትሄድ ነው ይለዋል..." እጆቹ ተነሡ፤ አንዱ ቆርቆሮ፣ አንዱ ምስማር ሆኑ። በሩ ላይ የቆሙት የቦዳ ነጂዎች ዞረው ያዩታል። ኮሎሎ ላይ ያየሁት ሰው ነው፤ ላቡ ሳይቀር።

ልጅቷ ቦርሳዋን አዝላ መጣች። እንደ አገሯ ሥርዓት በጉልበቷ ዝቅ ብላ "ደህና ዋሉ፣ ሰር" አለችው። እጆቹን አወረደ። "ደህና ዋይ። ቤትሽ ስትደርሺ ኖትሽን አንብቢ" አላት፤ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። አመስግናው ቁልቁል ሄደች። እስክትርቅ ድረስ በዓይኑ ሸኛትና ወደ እኔ ዞረ።

"የት ደርሼ ነበር?" አለኝ።

"ምስማሩ ጋ" አልኩት።

ቀጠለልኝ። በደንብ ገባኝ።